የልብስ ሰፊው ክራባት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ ቤትዎ ሁሉ እንደሚመኙት ይሁንልዎ። እኛ ደህና ነን ብዬ እንዳልቀጥል ከሰኔ ወዲህ ደህና አይደለንም፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ጽፌልዎት ነበር። ደብዳቤዎቹ ካልደረሱዎት ይህ ሦስተኛው ነው። ከደረሱዎትም ይህ ሦስተኛው ነው።

ወንድምዎ፣ አባዬ፣ ከጉሮሮው እብጠት ካወጡለት አራት ወር ሞላው። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱን ከፊት ከፍተው ባስገቡለት ቱቦ ነው፤ ሐኪሞቹ ትራኪዮስቶሚ ይሉታል። ድምፅ የለውም። ሱሪ ሲለካ እንኳ ሦስት ወሬ ሳያወራ ሜትሩን የማያነሳ ሰው እንደነበረ ያውቃሉ። አሁን በትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል። ጠመኔው ቶሎ ስለሚያልቅ ስድቡን አሳጥሯል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ስለ ማሰሪያው ነው። እኔ በምሠራበት ዋርድ ቱቦው ከቦታው እንዳይወጣ የምናስረው በቀጭን የጥጥ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡን በቱቦው ግራና ቀኝ ክንፎች ቀዳዳ አሳልፈን ማጅራት ላይ እንቋጥረዋለን። እርስዎም በዚሁ ዋርድ ስለሠሩ ያውቁታል። በላብና በአክታ ይርሳል፤ ሲደርቅ እንደ ሽቦ ይሆንና ቆዳ ይቆርጣል። ቋጠሮው የሚያርፈው ሰው ሲተኛ ጭንቅላቱን በሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ነው። ለመቀየር ደግሞ በመቀስ መቁረጥ አለብን፤ መቀሱ የሚገባው ሰው በሚተነፍስበት ቱቦ አጠገብ ነው። አባዬ በሦስተኛው ቀን ሰሌዳውን አነሳና «ይህን ቋጠሮ የፈለሰፈው ሰው ሙያው ከሰል መጫን ነው?» ብሎ ጻፈ።

ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ራሱ ሌላ ሰፋ። ስፋቱ ሁለት ጣት ነው። ቆዳ የሚነካው ወገን ለስላሳ የሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ሲሆን፣ ስፌቱ በሙሉ ወደ ውጭ ወጥቷል። ጫፎቹ ቀጫጭን ምላስ አላቸው፤ በቱቦው ክንፍ ቀዳዳ ገብተው ይታጠፉና ይለጠፋሉ። የሚዘጋው ከአንገት ጎን ነው እንጂ ከኋላ አይደለም። የነርሶች አለቃችን ማትሮኗ፣ ዋርዱ ውስጥ ኮሎኔሏ የምንላት፣ አገላብጣ አይታው ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር ተማከረችና ፈቃደኛ በሽተኞች ላይ እንድንሞክረው ፈቀደች። በሽተኞቹ «የልብስ ሰፊው ክራባት» ብለውታል።

እርስዎ እዚያ በትልቅ ሆስፒታል ነርሶችን ያስተምራሉ። የቱ ጋ እንደተሳሳትን ይንገሩን። የልጆች ጫማ ላይ ያለው፣ ሲላቀቅ የሚንጫጫው ተለጣፊም እዚህ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ አልይዝ ይላል፤ ጠንካራው ካለ ቢልኩልን።

አባዬ ሰላም ብሎዎታል። በሰሌዳው ላይ የጻፈው ከዚህ ይረዝማል፤ እኔ አሳጥሬዋለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 20

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

ጤናና ብርታት ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎችሽ ሁሉም ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ወንድሜ ሳያሳስበኝ ቀርቶ አይደለም፤ እዚህ አገር ሰው ለማሰብም ቀጠሮ ይይዛል።

ስለ ማሰሪያው፦ አንገት የሱሪ ወገብ አይደለም። ቱቦው ከወጣ ያ ሰው ያለው ደቂቃ በጣት የሚቆጠር ነው። ይህን ለአንቺ መንገር አልነበረብኝም፤ ሁለታችሁም ግን በወረቀት ላይ የተዝናናችሁ ትመስላላችሁ።

ያንን ቋጠሮ ወደ ዋርዱ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት ቱቦውን በፕላስተር ይለጥፉት ነበር፤ በአንድ ዓመት አራት ቱቦ ወልቋል። ቋጠሮው ከገባ በኋላ እኔ እስክሄድ ድረስ አንድም አልወለቀም። ስለዚህ ከሰል ጫኚዋ እኔ ነኝ ማለት ነው። ለወንድሜ ንገሪው፤ ሁልጊዜም አፉ ከእጁ ይቀድማል።

ቢሆንም የእጅ ሥራችሁን አልናቅሁም። ሥዕሉን ከነልኬቱ፣ አንድ ናሙና፣ በስንት ሰው እንደሞከራችሁት፣ ቆዳቸው ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደምታስሩት በተራ ጽፈሽ ላኪልኝ። ስሜት አትጻፊ፤ ቁጥር ጻፊ። አንድ ጥቅል ተለጣፊ ልኬልሻለሁ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረስዎ። ተለጣፊው ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። የቋጠሮውን ነገር ለአባዬ አነበብኩለት። «ይቅርታ ጠይቄያለሁ» ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና ከሥሩ «ቆዳዬ ግን አልጠየቀም» ብሎ ጨመረ።

ቁጥር ብለዋል፤ ቁጥር እነሆ። በጥጥ ጥብጣብ ከታሰሩት ሠላሳ በሽተኞች አሥራ አንዱ አንገታቸው ቆስሏል። በእኛ ማሰሪያ ከታሰሩት ሠላሳ አንድ ሰዎች የቆሰሉት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ቀድሞም ቆስሎ የመጣ ነው። ጥብጣቡን ለመቀየር ሁለት ነርስና ስድስት ደቂቃ ያስፈልግ ነበር። ይህኛው ሁለት ነርስና ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለት ነርስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አንዷ ቱቦውን በእጇ ሳትይዝ ሌላዋ ማሰሪያውን አትነካም። ኮሎኔሏ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ሁሉም በደብተር ተመዝግቦ በየገጹ ፈርማበታለች።

አስተሳሰሩን በአምስት መስመር ጽፌ ከሥዕሉ ጋር አያይዣለሁ። አራተኛው መስመር እንደተማርነው ነው፤ በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፣ ከትከሻው ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይገባል፣ በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል አንድ ጣት እስኪገባ ይዘጋል። ናሙናውን አባዬ ራሱ ሰፍቶታል። ጥጎቹን ይዩለት፤ ሁለት ጊዜ አጥፎ በሦስት ማዕዘን ይዘጋቸዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፋው ኪስ ሁሉ ጥጉ እንዲህ ነው።

ስሕተት ካለው ሳይሸፍኑ ይንገሩን። ደህና ሆኖ ካገኙት ደግሞ ለሚመለከታቸው ያሳዩልን፤ የሰፋው ማን እንደሆነም አብረው ይንገሩልን።

የወንድምዎ ልጅ

ጥር 22፤ በአደራ ደብዳቤ

ይድረስ ለአክስቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? መልስዎን ሳልጠብቅ የምጽፈው የሚታረም ነገር ስላለ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሲሰፋ ቁልፍ ወደቀበት። መርገጫው ሥር ገብቶ ኖሮ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። እኔ ጓዳ ልብስ እያጠብኩ ነበር። መቀሱን ከስፌት መኪናው ብረት ጋር ሲያጋጨው ሰማሁ። ድምፅ የሌለው ሰው የሚጣራው እንዲህ ነው። ስደርስ ማሰሪያው አልተፈታም፣ አልተበጠሰም፣ እንደተዘጋ ነው። ቱቦው ግን ከማሰሪያው ጋር ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ትርፍ ቱቦ ከነማስገቢያ ዘንጉ በመሳቢያ አስቀምጣለሁ፤ አወጣሁት፣ አስገባሁት፣ ተነፈሰ። 

ምን እንደሆነ ያወቀው እሱ ነው። ሜትሩን ሰጠኝና ለኪኝ ብሎ ጠቆመኝ። ትከሻው ሥር ፎጣ አድርጎ ሲተኛ አንገቱ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ሆነ። ተቀምጦ አገጩን ወደ ደረቱ ሲያስጠጋ ሠላሳ ዘጠኝ። በሰሌዳው ላይ «ሱሪ ቆሞ ለተለካ ሰው ሲቀመጥ ይጠበዋል። የአንገት ማሰሪያ ግን ሲያጎነብስ ይሰፋዋል» ብሎ ጻፈ። እኛ ማሰሪያውን የምንዘጋው አንገቱ በወፈረበት ሰዓት ነው። ተኝቶ አንድ ጣት የነበረው፣ ሲያጎነብስ ሦስት ጣት ሆኖ ይለቃል።

አሁን በሽተኛውን እናስቀምጠዋለን፣ አገጩን ወደ ደረቱ እናስጠጋለን፣ አንድ ጣት የምንለካው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሎኔሏ በዚያው ቀን ዋርዱን በሙሉ እንደገና አሳስራለች። እባክዎ ታኅሣሥ በላክሁልዎ ወረቀት ላይ አራተኛውን መስመር ይሰርዙት። ለማንም አሳይተውት ከሆነም ዛሬውኑ ይንገሩ።

የስፌት መኪናውን ወደ መስኮቱ አዙረነዋል። ብርሃን ካገኘ ያን ያህል አያጎነብስም።

የወንድምዎ ልጅ

ሚያዝያ 6

ለውድ የወንድሜ ልጅ፤

በያላችሁበት ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። ሥራ ፋታ አልሰጠኝም። ከታኅሣሥ ወዲህ ከአንቺ ምንም ደብዳቤ ስላልደረሰኝ ሁሉም ደህና ነው ብዬ ተጽናንቻለሁ።

ለዋርዱ ስጦታ ይሆን ዘንድ አርባ የአንገት ማሰሪያ በካርቶን ልኬያለሁ። እዚህ በፋብሪካ የተሠሩ፣ በደንብ የታሸጉ ናቸው። በየአንዳንዱ ውስጥ የአጠቃቀም ወረቀት አለ። ነርሶቹ በወረቀቱ መሠረት እንዲሠሩ አድርጊ፤ በራሳችሁ መንገድ አትጨምሩበት።

ወንድሜን ሳሚልኝ። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሲሰፋ ብርድ እንዳይመታው ፎጣ ደረቱ ላይ ይጣል። ለእንደሱ ያለ ሰው ጉንፋን ቀላል ነገር አይደለም።

አክስትሽ

ሚያዝያ 28

ይድረስ ለአክስቴ፤

ሰላምታው ይቆየን።

ካርቶኑን ኮሎኔሏ በጠዋት ርክክብ ላይ በሁላችን ፊት ከፈተችው። አርባ ማሰሪያ፣ እያንዳንዱ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በየአንዳንዱ ጫፍ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ስም አለ፤ የእርስዎ ስም ከነአባትዎ። ወረቀቱ ላይ ፎቶዎ አለ። «ከረጅም ዓመታት የዋርድ ልምድ የፈለቀ» ይላል። ሠላሳ አንዱ በሽተኞቻችን «በእርሳቸው ክትትል ሥር የነበሩ» ሆነዋል። እርስዎ እዚህ ዋርድ የገቡበት የመጨረሻ ቀን እኔ ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር።

ሥዕሉ የእኔ ነው። ማስመሪያ ስላልነበረኝ በእጄ ነው የሳልኩት፤ የግራው ቀስት ከቀኙ ትንሽ ይረዝማል። ማተሚያ ቤት ገብቶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ወጥቶም አሁንም ግራው ይረዝማል።

 የዋርዱ ጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ፣ «ይሄ የአባትሽ ክራባት አይደል እንዴ? ማን ነው የሸጠባችሁ?» አለች። ኮሎኔሏ «ሥራሽን ሥሪ» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ «እውነቷን ነው?» አለችኝ። የወረቀቱን ሥዕል አሳየኋት። 

ይህ ሁሉ ስለ ስም ነው። ስም ይቆይ። አራተኛውን መስመር አነበብኩት። በሽተኛው በጀርባው ይተኛል፣ ፎጣ ከትከሻው ሥር ይገባል። እንዳለ የታኅሣሡ ነው። አባዬን ሊገድለው የነበረውን ነገር በሺህ ቅጂ አሳትመው መልሰው ላኩልኝ።

ደብዳቤ አልደረሰኝም ይላሉ። አክስቴ፣ የስፌት መኪናው ሠላሳ ዓመት ከበሩ አጠገብ ነበር። ወደ መስኮቱ መዞሩን በዚህ ዓለም ላይ የነገርኩት ለእርስዎ ብቻ ነው፤ የነገርኩዎትም ጥር 22 በአደራ በላክሁት ደብዳቤ ብቻ ነው። ስለ ብርዱ የመከሩን ከዚያ ደብዳቤ አንብበው ነው። ስለ መስኮቱ ያነበበ ዓይን ስለ ቱቦውም አንብቧል።

እዚህ ያሉትን አርባ ወረቀቶች አራተኛ መስመር በእጄ ሰርዣለሁ። እዚያ ያሉትን የሚሰርዙት እርስዎ ነዎት። ይሰርዙና ትክክለኛውን ይጻፉ፤ ማን እንዳገኘውም ይጻፉ። ገመናችን አደባባይ እንዳይወጣ ብዬ ለሌላ ለማንም አልጻፍኩም። ለአባዬም አልነገርኩትም። እስከ ሰኔ መጀመሪያ እጠብቃለሁ።

የወንድምዎ ልጅ

ግንቦት 30

ለወንድሜ ልጅ፤

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጦ አይነበብም።

የጥር 22ቱ ደብዳቤ ደርሶኛል። ዋሽቻለሁ፤ ይኸው አልኩ። ሲደርሰኝ ወረቀቱ ማተሚያ ቤት ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ላስቁመው ብል «ምን ተገኘ? ማን አገኘው?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? አንድ ልብስ ሰፊ ቁልፍ ሊያነሳ ጎንበስ አለ ልበል? አንድ ሰው አንድ ጊዜ ማጎንበሱ ጥናት አይባልም።

አንቺ የምትናገሪው ሁሉም ነገር ባለቤቱ በሚታወቅበት ዋርድ ውስጥ ሆነሽ ነው። እኔ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ አለቃ አላገኘሁም። ያስተማርኳቸው ልጆች አለቆቼ ሆነው አልፈውኛል። ማሰሪያውን በወንድሜ ስም ባመጣው የስብሰባው በር አይከፈትለትም ነበር። በእኔ ስም ስለመጣ ዛሬ በሦስት ሆስፒታል ሰው አንገት ላይ አለ። ይህ ወንጀል ነው? ደግሞስ ያ ዋርድ የማን ነው? ቱቦ በሁለት ሰው ካልሆነ አይነካም የሚለውን ኮሎኔላችሁን ማን አስተማራት? የነርስ ትምህርት ቤት ማመልከቻሽን ማን ጻፈልሽ? እኔ የዘራሁትን አንቺ ለቅመሽ፣ መልሼ ባነሳው ሌባ አልሽኝ።

አሁን ስሚኝ። ባለፈው ሳምንት እዚህ አንድ በሽተኛ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዛውሩት አንገቱን ደፋ፤ ቱቦው ወጣ። ተርፏል። ግን እስኪመልሱለት ቆይቷል፤ ቀኝ እጁን ማንሳት አቅቶታል። አጣሪ ተቀምጧል፤ የሙከራውን መዝገብ አምጪ ብለውኛል። ዋናውን ደብተር፣ ማትሮኗ የፈረመችበትን፣ በፍጥነት ላኪልኝ። አራተኛውን መስመር አሻሽዬ ሳቀርብ ምርመራው ይዘጋል። በሚቀጥለው እትም ላይም «በቤተሰብ ትብብር» የሚል አስገባለሁ።

ለወንድሜ አትንገሪው። ደካማ ሰው ነው፤ አይችለውም። እኔ አሁን ከወደቅሁ በዚህ ዕድሜዬ የሚያነሳኝ የለም። ይህንን አስቢ።

አክስትሽ

ሰኔ 24

ይድረስ ለአክስቴ፤

ደብተሩን አልልክም።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ከሥራ አስፈቅጄ ፖስታ ቤት ሄድኩ። በአጠቃቀም ወረቀትዎ ጀርባ ላይ ወዳለው የፋብሪካ አድራሻና ወደ ሆስፒታሉ ኃላፊ በፋክስ ላክሁ። የደብተሩን ገጾች ቅጂ፣ የጥር 22ቱን ደብዳቤ እኔ ዘንድ የቀረውን ቅጂ፣ የአደራ ደብዳቤውን ደረሰኝ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ገጽ በትልልቅ ፊደል፦ በሽተኛውን አስቀምጡት፣ አገጩን ወደ ደረቱ አስጠጉት፣ ከዚያ አንድ ጣት ለኩ። በማግስቱ መልስ መጣ። የድሮውን ወረቀት ከየዋርዱ ሰብስበዋል። ስለ እርስዎም ጠይቀውኛል። በጠየቁኝ ልክ መለስኩ፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ቋጠሮው የእርስዎ እንደነበረና በጊዜው ሰው እንዳዳነም ጽፌያለሁ፤ እውነት ስለሆነ።

ያንን ፋክስ ሚያዝያ ላይ መላክ ነበረብኝ። ካርቶኑ በተከፈተ ቀን። «ገመናችን» ብዬ ለእርስዎ ብቻ ጻፍኩ፤ ቀን ቆርጬ እንደ ባለዕዳ ጠበቅኩዎ። እኔ ስጠብቅ ያ ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁ ላይ የእኔም ድርሻ አለ፤ ይህንንም ለኃላፊው ጽፌያለሁ። እርስዎ የራስዎን ድርሻ የት እንደሚያስቀምጡት አላውቅም።

የዘሩትን ለቅሜያለሁ ብለዋል። ማመልከቻዬን ጽፈውልኛል፤ አልክድም። በዚያ ማመልከቻ ላይ ግን ፊርማው የእኔ ነበር። ማመልከቻውን ስለጻፉ በእኔ ፈንታ ነርስ አልሆኑም።

አሁን ስለ ደካማው ሰው ልንገርዎ።

አንዱን ማሰሪያ ከሥዕሉ ጋር ላስተያየው ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር። አባዬ ክር ሲፈልግ አገኘው። ስገባ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጥጉን በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል።  ሰሌዳውን አነሳ።

«ጥጉ የኔ ነው» ብሎ ጻፈ።

ገለበጠው። ውስጡን በጉንጩ ላይ አሸት አሸት አደረገ። ጠመኔውን እንደገና አነሳ። «ስፌቱን ወደ ውስጥ አዙረውታል። ለማሽን ስለሚቀል ነው። ቆዳ ይበላል።»

ከዚያ የተጠለፈውን ስም አየ። አክስቴ፣ ያን ያህል ጊዜ አንድ ነገር ሲያይ አይቼው አላውቅም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መልሶ አጠለቀውና እንደገና አየ።

«እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከሚያዝያ ጀምሮ።»

በዳስተር አጠፋው። ብዙ የሚጽፍ መስሎኝ ነበር። «ስንት ናቸው?» ብሎ ብቻ ጻፈ።

«አርባ።»

«አምጪያቸው።»

ኮሎኔሏን ለመንኳት። «ስጦታ ነው፣ ፋብሪካ ነው ተብሎ የመጣ ንብረት እንዴት ከዋርድ ይወጣል?» አለች። እየተናገረች ካርቶኑን ራሷ ተሸክማ እስከ በሩ ሸኘችኝ። ስምንት ቀን ፈጀበት። እያንዳንዱን ተረተረ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ መለሰ፣ ጥጎቹን በራሱ እጅ እንደገና አጠፋ። አንገቱ ቶሎ ስለሚደክም በየሰዓቱ ያርፋል። እኔ ክር በመርፌ እሰካለሁ፤ እንዳያጎነብስ የወደቀውን አነሳለሁ።

ስምዎ ጋ ሲደርስ ሙሉውን የሚያነሳው መስሎኝ ነበር። ጥልፉ ሁለት ቃል ነው፤ የእርስዎ ስምና የአባትዎ ስም። መቀሱን በሁለቱ መካከል አስገብቶ ቆረጠ። የእርስዎን አወጣና በቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጠው። የአያቴን ስም ጠርዙን አጥፎ እዚያው ማሰሪያው ላይ ሰፋው። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መቀሱን ሳያስቀምጥ በግራ እጁ ጻፈ፤ «እሱ የኔም አባት ነው።»

አርባውንም እንዲሁ አደረገ።

ዛሬ ዋርዱ ውስጥ ናቸው። ታጥበው፣ ደርቀው፣ ሰው አንገት ላይ ናቸው። አንዱ በእሱ አንገት ላይ ነው። ትናንት ቆዳውን አየሁት፤ መስመር እንኳ የለበትም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አርባ ቁራጭ ጥልፍ ያገኛሉ። ስምዎ ነው። አባዬ አንድ ጊዜ ቆጥሯቸዋል፣ እኔ ሁለት ጊዜ። አንድም አላስቀረንም።

ጤና ይስጥዎ።

የልብስ ሰፊው ልጅ